ማራገቢያው የተሰቀለበት ቦታ

ወንድም ጋሼ «ከመሬት በላይ ከኖርኩት ከመሬት በታች የሠራሁት ይበዛል» እያለ ይቀልድ ነበር። ሒሳቡ ትክክል አልነበረም፤ ግን ማንም አያርመውም። ማዕድን ማውጫው ውስጥ ቋጥኝ የሚሰረስር ሰው ነበር። መሰርሰሪያውን በጉልበቱ ደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ጋር ሲታገል ይውላል። እሱ የሰረሰራቸው ቀዳዳዎች ድማሚት ይሞላባቸዋል፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ይፈነዳል፣ በማግስቱ የተፈረካከሰውን ድንጋይ ሎደር እየዛቀ በገልባጭ መኪና ላይ ይጭነዋል። ከገልባጮቹ አንዱን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ሎደሩን የምትነዳው ደግሞ የወንድም ጋሼ ሚስት ነበረች።

እትዬ ነው የምላት። በዕድሜ ያን ያህል አትበልጠኝም፤ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ስለሆነች ነው። እሷ ደግሞ ልታሾፍብኝ ስትፈልግ «ዋርሳዬ»፣ የባሌ ወንድም፣ ትለኛለች። መጀመሪያ ከማውጫው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ተቀምጣ ለወራጁ ሁሉ የራስ መብራት ታድል ነበር። ድርጅቱ የሎደር ሾፌሮች አሠለጥናለሁ ብሎ ሲያስታውቅ «ተመዝገቢ» ብሎ የወተወታት ወንድም ጋሼ ነው።

«ሰው ምን ይለኛል?» አለችው።

«ሰው ያሰኘውን ይበል። አንቺ መሪውን ያዢ።»

ያዘችው። ከወንዶቹ ሁሉ የተሻለች ሆነች ብል ዘመዴን ማሞገስ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ፤ ግን የሎደሩ ጎማ በእሷ እጅ እንደቆየው በማንም እጅ አልቆየም። ወደ ኋላ ስትመለስ ሰው በአካባቢዋ እንዲቆም አትፈቅድም። አንድ ጊዜ ፎርማኑ ራሱ ከኋላዋ ሊሾልክ ሲል ሎደሯን አቁማ ወረደች፣ እንደ ሕፃን ልጅ ክንዱን ይዛ ዳር አስቆመችው፣ ተመልሳ ወጥታ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ስሟ ተረሳ፤ «ኮማንደር» ተባለች። ወንድም ጋሼ ይህን ታሪክ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያወራ ነበር፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየጨመረበት።

ከመሬት በታች አየር እንዲሁ አይመጣም። ከተራራው ማዶ ባለ ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ ግዙፍ ማራገቢያ አለ። እሱ የውስጡን አየር ወደ ውጭ ሲስብ ንጹሑ አየር እኛ መኪና በምንነዳበት ዋና መንገድ ይገባል። ጠመዝማዛውን ተከትሎ ይወርዳል፣ የሥራ ቦታዎቹን ያልፋል፣ ሙቀቱን፣ አቧራውን፣ የሞተሮቻችንንም ጭስ ተሸክሞ በዚያኛው ጉድጓድ ይወጣል። ከዋናው መንገድ ተገንጥለው የሚቆፈሩት ቅርንጫፍ ዋሻዎች ግን ጫፋቸው ዝግ ነው። አየሩ በአፋቸው ያልፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ስለዚህ መገንጠያው ላይ አንድ ትንሽ ማራገቢያ ከጣሪያ ይሰቀልና አየሩን በረጅም የሸራ ቱቦ እስከ ጫፍ ድረስ ይገፋዋል። ሰርሳሪው የሚተነፍሰው ያ ቱቦ ያመጣለትን ነው። ሌላ አየር የለውም።

እኛ በምንሠራበት መገንጠያ ዋናው መንገድ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ዋሻ ነበረው። በግራው ትናንት የተፈነዳው ይዛቃል፤ በቀኙ ወንድም ጋሼ ለነገ ይሰረስራል። እትዬ ከግራው እየዛቀች ታመጣና መገንጠያው ላይ ቆሜ ስጠብቃት ትጭንልኛለች። እኔ ሞልቼ ወደ ላይ ስወጣ፣ ቀጣዩ ገልባጭ እስኪደርስ፣ ሎደሯን በቀኙ ዋሻ አፍ፣ ከትንሹ ማራገቢያ ሥር አቁማ ትጠብቃለች። ሞተሩን አታጠፋውም። ባትሪው ደክሟል፤ አንዴ ከጠፋ ለማስነሣት መከራ ነው። ፎርማኑም «ሞተር እንዳታጠፉብኝ» ብሎ አስጠንቅቆናል።

ሌላ መቆሚያ ጠፍቶ አይደለም። የቀኙ ዋሻ እንደ ክር ቀጥ ያለ ስለሆነ እዚያ ስትቆም ጫፉ ላይ የምትንቀሳቀስ አንዲት መብራት ይታያታል። የባሏ ናት።

«ገልባጩን ነው ባልሽን የምትጠብቂው?» ይሏታል ሾፌሮቹ።

«ገልባጩ ባልጠብቀውም ይመጣል» ትላለች፣ ዓይኗን ከመብራቱ ሳታነሣ።

ወንድም ጋሼን ራስ ምታት የጀመረው መቼ እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ እሱ ራሱም አልነገረንም። መጀመሪያ ያየነው ምግብ መዝጋቱን ነው። ምሳችንን የምንበላው እዚያው ታች፣ ዋናው መንገድ ዳር በተቆፈረች ጎድጓዳ ቦታ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነበር። ዳቦውን ቆርሶ በእጁ ይዞት ይቆያል፤ ከዚያ «አንተ ወጣት ነህ፣ ብላው» ብሎ ለእኔ ይገፋዋል። ዓይኑ ቀልቶ ያነባል። «አቧራ ነው» ይላል። ያስለዋል። «ድማሚት ነው» ይላል። ሁሉም ነገር ስም ነበረው። ወተት ደረት ያጥባል የሚል ወሬ ከጓደኞቹ ሰምቶ ወተት ማብዛት ጀመረ።

ቤታቸው ከሠራተኞች መንደር ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሁለት ክፍልና ልብስ የሚሰጣባት ጠባብ በረንዳ። ድሮ ደረጃውን እየዘለለ የሚወጣው ሰውዬ አሁን መሐል ላይ ቆሞ ግድግዳውን እየተመለከተ ስለ ቀለሙ ያወራል። እትዬ ቀድማው ወጥታ በሩን ከፍታ ትጠብቀዋለች። ጠዋት ጠዋት ትራሱ ላይ አፉ ባረፈበት በኩል ጥቁር ጥላ ትቶ ይነሣል። ነጩን የትራስ ልብስ በሳሙና ፈትጋ ትሰጣዋለች፤ በማግስቱ ያው ነው። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ ሳያት ያንን ጨርቅ ዘርግታ በብርሃን ስትመለከተው አገኘኋት።

«ሁላችንም ጥቁር ነው የምንተፋው፣ እትዬ» አልኳት ላጽናናት።

«የእኔ ትራስ ነጭ ነው» አለችኝ። «አንድ ማውጫ ነው የምንገባው፣ አንድ አልጋ ነው የምንተኛው። ለምን የእኔ ነጭ ሆነ?»

ጥያቄው ሲከነክነኝ ሰነበተ።

መሐንዲሱ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የአየሩን ነገር ብቻ እንዲከታተል የተቀጠረ ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበረው ከለቀቀ በኋላ ቦታው ባዶ ከርሟል። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሄልሜቱ ከጭንቅላቱ የሰፋ ወጣት ነው። በየዋሻው ይዞርና በአንዲት ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ጫፍ ያለች የላስቲክ ኳስ እየጨመቀ ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ከዚያ ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ ቆሞ ያያል። ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ።

«ጭስ አነሳቸው፣ ጨምርላቸው ብለው ላኩብን» አለ አንዱ ሾፌር።

መሐንዲሱ ሰምቶ ፈገግ አለ እንጂ አልተቆጣም።

ወደ እኛ መገንጠያ በመጣ ቀን እኔ ባዶ መኪናዬን ይዤ ገና መድረሴ ነበር። እትዬን «እህቴ፣ ሁልጊዜ እንደሚሠሩት ይሥሩ» አላት። «እኔን ከቁም ነገር አይቁጠሩኝ።»

«የት እንድቆምልህ ነው የምትፈልገው?»

«ሁልጊዜ የሚቆሙበት።»

ማራገቢያው ሥር ቆመች። ሞተሩ እያጓራ ነው። መሐንዲሱ ዞሮ ከሎደሩ ኋላ ሄደና የጭስ ማውጫው ማርሚታ አጠገብ ነጩን ጢስ ለቀቀው። እኔ ከዋናው አየር ጋር ቁልቁል ይነጉዳል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ የሁላችንም እምነት ይኸው ነበር። ነጩ ጢስ ከሞተሩ ትኩስ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ሽቅብ ወጣ፣ ጣሪያውን ታክኮ ትንሽ ተጓዘ፣ ከዚያ ታጠፈና ማራገቢያው አፍ ውስጥ ገባ። ደግሞ ለቀቀ። ደግሞ ገባ። ሦስተኛ ጊዜ ራቅ ብሎ ሞከረው፤ ጥቂቱ በመንገዱ ወረደ፣ የቀረው አሁንም ተመልሶ ተዋጠ።

«ይኼ ማራገቢያ ድሮም እዚህ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እሱ ድሮም እዚህ ነው። መጫኛው ነበር ታች። እዚህ ሰፋ ስለሚል ወደዚህ አመጣነው።»

«መጫኛው ሲመጣ ማራገቢያው ወደ ላይ መሄድ ነበረበት» አለ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «መኪናው ካለበት አልፎ፣ አየሩ ገና ንጹሕ ወደሆነበት።» ከዚያ ቀና ብሎ እትዬን አያት። «በዚህ ቱቦ ጫፍ ላይ ማን ነው ያለው?»

ዓይኗ ከማራገቢያው ወደ ሸራው ቱቦ፣ ከቱቦው ወደ ዋሻው ውስጥ ሄደ። ቱቦው በአየር ተወጥሮ ጣሪያውን ይዞ እስከ መብራቱ ድረስ ይዘልቃል።

«ባለቤቴ» አለች።

ሞተሩን አጠፋችው። እዚያ መገንጠያ ላይ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የማራገቢያው ጉምጉምታና ከሩቅ የመሰርሰሪያው ድምፅ ብቻ ቀሩ፤ ትንሽ ቆይቶ መሰርሰሪያውም ዝም አለ።

ወርዳ አንድ እጇን ቱቦው ላይ እያስኬደች ወደ ውስጥ ገባች። እኔና መሐንዲሱ ተከተልናት። ወንድም ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። ሄልሜቱን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሩን ወደ ቱቦው አፍ አስጠግቶ በረጅሙ ይተነፍሳል። ሲያየን ትንሽ አፈረ።

«ራሴን ሲያመኝ እዚህ ጋ ቆም እላለሁ» አለ። «ነፋሱ ይሻለኛል።»

እትዬ እሱን ወደ ጎን አደረገችውና ፊቷን በእሱ ቦታ አስጠጋች። አንዴ ሳበች። ከዚያ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«የእኔ ነው» አለች።

«ምኑ?» አለ ወንድም ጋሼ።

«ሽታው። የእኔ ሎደር ነው።»

«ታዲያ የማን ሊሆን ኖሯል? ናፍታው ሲሸተኝ መጣች እላለሁ፤ ሲጠፋ ሄደች እላለሁ።»

እንደ ዋዛ ነው የተናገረው፤ ፈገግታም ነበረበት። እትዬ ግን ድንጋዩን ተደግፋ ቁጭ አለች። መሐንዲሱ ከወገቡ ላይ መለኪያውን አውጥቶ ቱቦው አፍ ላይ ያዘው፤ ቁጥሩን አየ፣ ለእኛ አልነገረንም። «ሁላችንም እንውጣ» ብቻ አለ።

ፎርማኑ ተጠርቶ ሲመጣ ሦስት ገልባጮች ተሰልፈው ነበር። ነገሩን ቆሞ ሰማ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በእያንዳንዱ ሺፍት መጨረሻ ስንት መኪና ድንጋይ ወጣ ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው።

«ጥሩ፣ ማራገቢያውን ነገ እናዛውረዋለን» አለ። «ለዛሬ ግን አስነሺው፣ ይህን ሰልፍ እናራግፍ።»

«ዛሬም መነሣት የለበትም» አለ መሐንዲሱ።

«ኢንጂነር፣ አንተ ገና መምጣትህ ነው። እዚህ ሰው አየር አጥቶ አያውቅም።»

እትዬ የሎደሩ መወጣጫ ላይ ተቀምጣለች። ቁልፉን ኪሷ ከትታ የኪሷን አዝራር ቆልፋለች። ፎርማኑ ወደ እሷ ዞሮ ፊቷን ሲያይ ሐሳቡን ቀየረና ወደ እኔ መጣ።

«አንተ ሎደር መንዳት ታውቃለህ። ንዳልኝ።»

አውቃለሁ። ወንድም ጋሼ ራቅ ብሎ ውኃ እየጠጣ ነበር፤ በዓይኑ ንዳው አለኝ። የፈራው ለራሱ አልነበረም፤ ሚስቱ ከሥራዋ እንዳትባረር ነው። እሱን አይቼ እሷን አየሁ።

«ቁልፉ እሷ ጋ ነው፣ አለቃ» አልኩ።

«ስጪው» አላት።

«አልሰጥም።»

«እኔንም እኮ ከላይ ይጠይቁኛል።»

«ይጠይቁህ። ባሏን በጭስ ስታፍነው አገኘናት፣ አልቀጥልም አለች በላቸው።»

ፎርማኑ ሄልሜቱን አወለቀ፣ አናቱን በእጁ አሻሸ፣ ከዚያ የእሷው መወጣጫ ጫፍ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ጥቂት ከቆየ በኋላ ተነሥቶ ስልኩ ወዳለበት ሄደ። ኤሌክትሪሺያኖች ረጅም ገመድ ይዘው ወረዱ። ማራገቢያው ከመጫኛው አልፎ ወደ ላይ፣ አየሩ ገና ሞተር ወዳልነካው ቦታ ተዛወረ፤ ቱቦው ተቀጥሎ ረዘመ። ለሎደሩም አዲስ ባትሪ መጣለት። የሚጠብቅ መኪና ሞተሩን እንዲያጠፋ በቀይ ቀለም ተጽፎ መገንጠያው ላይ ተለጠፈ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ለዚያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

መሐንዲሱ በዚህ አላቆመም። በዚያ ዋሻ የሠሩ ሰርሳሪዎች በሙሉ ደረታቸው ራጅ እንዲነሣ አስወሰነ። ወንድም ጋሼ አንድ ቀን ሥራ በዛብኝ አለ፣ ሌላ ቀን ክሊኒኩ ሰልፍ ነው አለ። ነገሩ ሌላ ነው። ደረቱ የታመመ ሰርሳሪ ከላይ እንደሚቀር ያውቃል፤ ከላይ የቀረ ሰርሳሪ ደግሞ ምን እንደሚባል አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው።

እትዬ ክሊኒክ ሄዳ ለነርሷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ትራሱን፣ ደረጃውን፣ ምግቡን፣ ሳሉን። በማግስቱ ታች ሥራ ላይ እያለ ስሙ ተጠርቶ ወጣ። ራጁን ያየው ሐኪም ከእንግዲህ እንዳይወርድ አዘዘ። ምን ያህሉ የናፍታው ጭስ፣ ምን ያህሉ የዘመናት የድንጋይ አቧራ እንደሆነ ስጠይቀው «አንድ ላይ ነው የገባው፣ አሁን ማን ይለየዋል?» አለኝ። ጭሱ ግን ጎድቶታል አለ፤ ያንን አልሸሸገም።

የዚያን ዕለት ወንድም ጋሼ አንድ ቦርሳ አንጠልጥሎ ወደ እኔ ክፍል መጣ። ከጎሚስታ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረችኝ፤ ከሥሯ ቀኑን ሙሉ ጎማ ይነፋል፣ ብረት ይቀጠቀጣል። አልጋዬን ለቅቄለት መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፍኩ።

«ገበናዬን አደባባይ አወጣችው» አለኝ። «ሚስቴ ናት እኮ። ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበር?»

«ነግራሃለች፣ ወንድም ጋሼ። ስንት ጊዜ ታከም አለችህ።»

«እሱ ሌላ ነው።»

«እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው?»

ወንድም ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ ቁልቁል ይመለከታል። እጆቹ ሥራ አጥተው ጉልበቱ ላይ ተጋድመዋል፤ የዓመታት ንዝረት የበላቸው ጣቶች ናቸው፣ የሻይ ብርጭቆ ሲይዙ ይንቀጠቀጣሉ። ኩርፊያው እየሰነበተ ሄደ። እኔ ከሥራ ስመለስ «ማን ነው በቦታዬ የገባው?» ይለኛል። አንድ ረጋ ያለ፣ ገና ያላገባ ሰው መሆኑን ነገርኩት። «መሰርሰሪያው ወደ ቀኝ ይስባል፣ ንገረው» አለኝ። ነገርኩት። ስለ እትዬ አይጠይቀኝም፤ ስለ ሎደሩ ግን ይጠይቀኛል። ባትሪው ጥሩ ነው? ፍሬኑን አዩላት? እኔም ስለ ሎደሩ እየመለስኩ የእሷን ደህንነት እነግረዋለሁ።

አንድ እሑድ በር ተንኳኳ። እትዬ ናት። ያጠበችውንና የተኮሰችውን ልብሱን ይዛለች። ሳትገባ ደፉ ላይ ቆመች።

«ልብስህ ነው» አለችው።

«አስቀምጪው።»

አስቀመጠችው፤ ግን አልሄደችም። «ሥራዬን ለቅቄያለሁ» አለች። «ፎርማኑ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። መሪውን ስይዝ እጄ እምቢ ይለኛል። ያንን ሁሉ ጊዜ እዚያ የቆምኩት አንተን ለማየት ነበር። አንተን እያየሁ ነው የገደልኩህ።»

እኔ መግቢያ መውጫ ጠፋኝ። ክፍሏ አንድ ናት፣ የት ልሂድ።

ከታች የጎማ መንፊያው ሲያጓራ ቆየና ቆመ።

«አልሞትኩም» አላት ወንድም ጋሼ። «አትቅበሪኝ።»

«ሐኪሙ...»

«ሐኪሙን ተይው። ስሚኝ። ከላይ ያስቀረሽኝ ጊዜ ተናድጄብሻለሁ፣ አሁንም አልወጣልኝም። ግን ከዚያ ቱቦ ሥር አሁን ሌላ ሰው ቆሟል። የሱ ሚስት ሎደር ላይ የለችም፤ ሚስትም የለውም። ሎደሩን ለሌላ ሰው ትተሽ ብትሄጂ ያ ሰውዬ አየር ያግኝ አያግኝ ማን ያይለታል?»

«መሐንዲሱ አለ።»

«መሐንዲሱ ስንት ዋሻ ያያል? አንቺ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነሽ።» አረፍ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ነገ ሂጂና ቃሌን አንሥቻለሁ በዪው። እምቢ ካለሽ እኔን ይጥራኝ።»

እትዬ ያኔ አለቀሰች። ቀን ከቀን ያጠራቀመችውን ነው ያወጣችው፤ ድምፅ አልነበረውም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንድም ጋሼ ተነሥቶ የተኮሰችለትን ልብስ በቦርሳው ውስጥ ከተተና ቦርሳውን ያዘ። ደረጃውን ሲወርዱ ከላይ ሆኜ አየኋቸው። በየጥቂት ደረጃው እሷ ትቆምና የጫማዋን ማሰሪያ ታስተካክላለች። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር ያደረገችው።

ድርጅቱ ለወንድም ጋሼ የመብራት ማደያውን ክፍል ሰጠው። «እሷ ታች ወረደች፣ እኔ ወደ ሷ ወንበር ወጣሁ፤ ድሮም ይኼ ወንበር ያስቀናኝ ነበር» ይል ነበር። ጠዋት ለሚወርደው ሁሉ መብራት እየሰጠ አየሩ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ማታ ሲመልሱለትም ይጠይቃል። አንድ ጊዜ አዲሱ ሰርሳሪ ራሴን አመመኝ ብሎ ሲነግረው እትዬን ጠርቶ ነገራት። በማግስቱ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትፈትሽ አንድ ቦታ በድንጋይ ተቀዶ አየሩ መንገድ ላይ ሲባክን አገኘችው። ቀዳዳው እስኪጠገን ድረስ አልጫነችም። ፎርማኑ ያን ጊዜ አልተከራከራትም፤ መርፌና ክር ይዞ የመጣው እሱ ራሱ ነው።

ወንድም ጋሼ እንዲህ ሆኖ ብዙ ክረምትና በጋ አሳለፈ። ትንፋሹ ግን ዓመት በዓመት እያጠረ ሄደ። መጀመሪያ ደረጃው ቀረ፤ ምድር ቤት ተሰጣቸው። ከዚያ ወሬው አጠረ፤ የኮማንደርን ታሪክ ሲጀምረው እትዬ ትጨርስለታለች፣ እሱ የጨመራቸውን ውሸቶች ሁሉ ሳታስቀር። በመጨረሻ አልጋው አጠገብ የኦክሲጅን ሲሊንደር ቆመ። አንድ ዝናባማ ጠዋት፣ እትዬ ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታደርግ፣ «ዛሬ ቅሪ» አላት። ለእሷ እንዲህ ብሏት አያውቅም። ቀረች። እጁን ይዛ እንደተቀመጠች ከቀትር በፊት አረፈ።

በሐዘኑ ሰሞን ቤቱ በሰው ተሞላ። ሰርሳሪዎቹ፣ ሾፌሮቹ፣ ኤሌክትሪሺያኖቹ ከነሥራ ልብሳቸው እየመጡ ግድግዳ ታክከው ይቀመጣሉ። መሐንዲሱ ሌላ አገር ማውጫ ተዛውሮ ነበርና ስልክ ደወለ፤ እትዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ረጅም ጊዜ አዳመጠች፣ «እግዜር ይስጥህ» ብላ ዘጋች። በሦስተኛው ቀን ፎርማኑ መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ጡረታው ደርሷል። እትዬ አጠገብ ተቀመጠና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን አየ።

«የምለው ጠፋኝ» አላት።

«ምንም አትበል» አለችው። ሻይ ቀድታ ሰጠችው። ተቀብሎ ሳይጠጣው ያዘው። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል።

ከዚያ ወደ እሱ ዞር አለች። «የታችኛው አዲሱ ዋሻ፣ ማራገቢያው ተዛወረ?»

«ዛሬ ጠዋት» አላት። «ከመጫኛው አሳልፈን ሰቀልነው። እኔ ራሴ ቆሜ ነው።»

«ቱቦውስ ደርሷል?»

«እስከ ጫፍ ደርሷል።»

«እሺ» አለችና ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደች፤ ሻዩ ቀዝቅዞ ስለነበር ሌላ ልትቀዳለት ተነሣች።